«ከባድ ነገር አታንሺ» የተባሉ 24 ሴቶችና አንድ ጀልባ

አክስቴ እትዬ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ምክር አንድ መስመር ነበር። «በዚህ እጅዎ ከባድ ነገር እንዳያነሱ።» በቃ። ስንት ኪሎ ነው ከባድ? የነገራቸው የለም። እስከ መቼ? እሱንም የነገራቸው የለም።

እትዬ ደግሞ የሐኪም ቃል የማያስቀሩ ሰው ናቸው። ጀሪካን ቀረ። ሊጥ ማቡካት ቀረ። የልጅ ልጅ ማቀፍ ቀረ። ቀኝ እጃቸው ነጠላ ውስጥ ተሸጉጦ አራት ዓመት ኖረ። ትከሻቸው ደርቆ ሻሽ ለማሰር ሰው እስከ መጥራት ደረሱ። ከዚያ፣ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት፣ ክንዳቸው አበጠ።

እኔን ያበገነኝ ይሄ ነው። ምክሩን ባይሰሙ ኖሮ «ነግረንዎት ነበር» ይባል ነበር። ሰምተውም አበጠ።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ነገሩ አልዋጥልህ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩና አንድ የድሮ ታሪክ ላይ ደረስኩ። ካናዳ ነው፣ ቫንኩቨር፣ በፈረንጆቹ 1996 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ከካንሰር ለተረፈ ሰው የጤና አሰልጣኝ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ግን እብጠቱ ራሱ ምንድነው?

ሊምፌዴማ ይባላል። ሰውነታችን ውስጥ ከደም ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ይዞራል። ከደም ስር እየሾለከ በየሥጋው መሃል የሚቀረውን ውሃና ፕሮቲን ለቅሞ ወደ ደም የሚመልሰው እሱ ነው። መንገዱ ላይ ዕጢዎች አሉ፤ በብብት፣ በአንገት፣ በብሽሽት፣ ሲያብጡ ንፍፊት ወጣብኝ የምንልባቸው። ለጡት ካንሰር ሲባል የብብቱ ዕጢዎች ተቆርጠው ሲወጡ ወይም በጨረር ሲመቱ መንገዱ ይጠባል፣ ፈሳሹም ክንድ ላይ ይተኛል። ቦይ ሲደፈን ማሳው ውሃ ያቁር የለ? እንደዚያ ነው። ከጡት ካንሰር ከተረፉ 5 ሴቶች አንዷ ገደማ ያጋጥማታል። ዕጢዎቹ በብዛት ለወጡላት ዕድሉ ይሰፋል፤ ለምርመራ አንድ ሁለት ዕጢ ብቻ ለተወሰደላት ግን ከ100 ወደ 6 ይወርዳል።

አንዳንዴ በወራት ውስጥ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ። መጀመሪያ ቀለበት ይጠባል፣ ክንድ ይከብዳል፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። በጊዜ ካልተያዘ ሥጋው እየጠነከረ ይሄዳል። አንዴ ከመጣ ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ አብረውት የሚኖሩት ነው። የሚያሸና መድኃኒትም አይፈታውም። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን እዚያው ቀርቶ ውሃውን መልሶ ይስበዋል።

በድሮው ጊዜ ለሴቶቹ የሚሰጠው ምክር ታዲያ ከዚህ የመነጨ ነው። ክንድ ሲሠራ ደም በብዛት ይሄድበታል፣ ደም ሲበዛ ፈሳሽ ይበዛል፣ የጠበበው መንገድ አይችለውም፣ ስለዚህ አታንሺ፣ አትግፊ፣ አትጎትቺ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እኔም ሐኪም ብሆን እንደዚያ የምል ይመስለኛል። ችግሩ ማንም ሞክሮ አላየውም። እየተቀባበሉ የሚናገሩት ነገር ነበር።

ቫንኩቨር የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶን ማኬንዚ የሚባል የስፖርት ሐኪም ነበር። ለክልከላው ማስረጃ ሲፈልግ አጣ። እንዲያውም ነገሩን ገልብጦ አየው። ደምን ልብ ይገፋዋል፤ ሊምፍ ግን እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የለውም። ቱቦዎቹ ራሳቸው ቀስ እያሉ ይጨመቃሉ፣ ከዚያ የሚያግዛቸው የጡንቻ መኮማተርና ትንፋሽ ነው። ታዲያ ጡንቻው ዝም ካለ ማን ይገፋዋል?

ይሄን ለማየት ቀላል እንቅስቃሴ ሊመርጥ ይችል ነበር። የመረጠው ግን የመጨረሻውን ከባድ ነው፤ የዘንዶ ጀልባ። ከቻይና የመጣ ረጅም ቀጭን ጀልባ ነው፣ ፊቱ የዘንዶ ጭንቅላት ያለበት። 20 ቀዛፊ ይይዛል፣ ሁለት ሁለት ሆነው በ10 ረድፍ። ፊት ላይ ከበሮ መቺ አለ፣ ኋላ መሪ። አቀዛዘፉን በቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ወደ ፊት ትታጠፋለህ፣ ክንድህን ዘርግተህ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ትተክላለህ፣ ከዚያ በወገብህም በትከሻህም በክንድህም ወደ ኋላ ትስባለህ። ታወጣለህ፣ መልሰህ ትተክላለህ። ውድድር ላይ ይሄ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ነው። ለጡት ካንሰር ተራፊዎች «በጭራሽ» ተብሎ የተከለከለው ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ የመጣ ይመስላል። ተደጋጋሚ፣ ከባድ፣ የላይኛው አካል።

ለነገሩ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ክልከላው ስህተት ከሆነ ማንም «ቀላል ስለሆነ ነው» እንዳይል በከባዱ መታየት ነበረበት። ቫንኩቨር ደግሞ በየዓመቱ የዘንዶ ጀልባ ውድድር የሚደረግባት ከተማ ነች።

24 ሴቶች መጡ። በ30ዎቹ ያሉም ነበሩ፣ 60 ያለፋቸውም። አብዛኞቹ ስፖርተኛ አልነበሩም። እስቲ አስቡት፣ ሐኪምሽ «የገበያ ዘንቢል እንኳ አታንሺ» ብሎሽ ሌላ ሐኪም መጥቶ «ነይ ጀልባ ልናስቀዝፍሽ ነው» ሲልሽ! እኔ ብሆን እሮጥ ነበር።

እዚህ ጋ ነው የአሰልጣኝነቱ ሥራ የሚታየው። ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ ጀልባውን ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ሮዝ ልብስ፣ ከበሮ፣ ፎቶ። ውሃው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግን ወራት አለፉ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጂም ገቡ። መጀመሪያ ማፍታታት፣ ትንፋሽ የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ትንሽ ክብደት፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር። በሐኪምና በፊዚዮቴራፒስት ክትትል ነው፣ ዝም ብሎ አይደለም። ክንዳቸው ተለውጦ እንደሆነ ይታያል። ጀልባው የመጣው ትከሻና ጀርባቸው ከጠነከረ በኋላ ነው።

በሰኔ ውድድሩ ላይ ቀዘፉ። በውድድሩ ወቅት ማብቂያ ላይ ሲታይ አዲስ ሊምፌዴማ የያዛት አንድም ሴት አልነበረችም። ቀድሞ የነበረባቸውም አልባሰባቸውም። ማኬንዚ ይሄንን በ1998 የካናዳ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመው።

እርግጥ 24 ሰው ትንሽ ነው። ከማይቀዝፉ ሴቶች ጋር የተወዳደረ ቡድንም አልነበረውም። ፈቅደው የመጡ ሴቶች ደግሞ ከሌላው ቆራጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሄን ሁሉ ብትሉኝ እቀበላለሁ። ግን ክልከላው ምን ነበረው? ዜሮ ሰው።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ሱዛን ሃሪስ የምትባለዋ ናት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ፕሮፌሰር ነበረች፣ ራሷ የጡት ካንሰር የያዛት፣ ራሷ የቀዘፈች። ከባልደረባዋ ጋር ሆና የቀዛፊዎቹን ክንድ ዙሪያ በሜትር እየለካች በ2000 አሳተመች። እንደ ልብስ ሰፊ፣ በሜትር። አሰልጣኝነት ከወሬ የሚለየው በዚህ ነው፤ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ሌላ ክንዱን ይለካል፣ ይጽፋል፣ ካለፈው ጋር ያስተያያል።

የሙከራው ዕቅድ የአንድ ወቅት ነበር። ወቅቱ አለቀ፣ ሴቶቹ ግን መቅዘፊያቸውን አልመለሱም። ሌሎች ሴቶችን ጠሩ፣ ሁለተኛ ጀልባ መጣ፣ ሌላ ከተማ ሰማ፣ ሌላ አገር ሰማ። ዛሬ በዓለም ላይ የጡት ካንሰር ተራፊዎች የጀልባ ቡድን በመቶዎች ይቆጠራል። በ2018 ፍሎረንስ፣ ጣሊያን ሲሰባሰቡ በሺዎች ነበሩ። በየስብሰባው ጀልባዎቹን ጎን ለጎን አስጠግተው ላለፉት ጓደኞቻቸው ሮዝ አበባ ውሃ ላይ ይጥላሉ።

ይሄን ለእትዬ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ጀልባ ከየት ላመጣ ነው?» አሉ። ሐቅ አላቸው።

ለጀልባ የለሾች መልሱ ፊላደልፊያ ነው ያለው። ያኔ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው ካትሪን ሽሚትዝ በ2009 ያሳተመችው ጥናት 141 ሴቶችን የያዘ ነው፣ ሁሉም ሊምፌዴማ ያለባቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብረት ገፉ፣ ግማሾቹ አልገፉም። የመጀመሪያዎቹን 13 ሳምንታት በትንሽ በትንሽ ቡድን ሆነው ከአሰልጣኝ ጋር፣ ከዚያ በራሳቸው እስከ ዓመት። የጀመሩት በጣም ቀላል ከሆነ ክብደት ነው፤ ምልክት ካልመጣ በትንሹ ይጨመራል፣ ይሄ ነው የመጨረሻው ተብሎ ግን ጣሪያ አልተቀመጠም። ክንዳቸውን አጥብቆ የሚይዝ፣ በልካቸው የተሠራ እጅጌ አድርገው ነው የሚሠሩት።

ብረት የገፉት ክንድ ከሌሎቹ ይልቅ አላበጠም። እብጠቱ ተነስቶባቸው ሕክምና ያስፈለጋቸው ደግሞ ከገፉት 14 በመቶ፣ ካልገፉት 29 በመቶ ናቸው። ግማሽ ማለት ነው። እኔ ይሄን ቁጥር ሳነብ የእትዬ አራት ዓመት ነው የታየኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ስፖርት ያበጠውን ክንድ አያሟሽሸውም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት 351 ውፍረት ያለባቸው፣ ሊምፌዴማ የያዛቸው ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ ከፊሎቹ ቤታቸው ስፖርት ሠሩ፣ ከፊሎቹ ክብደት ቀነሱ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም። የክንዳቸው እብጠት ግን በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። ስለዚህ «እኔ ጋ ነይ፣ በሦስት ወር ክንድሽን እንደ ድሮው አደርገዋለሁ» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ። ስፖርቱ የሚሰጠው ጉልበት ነው፣ የሚንቀሳቀስ ትከሻ ነው፣ ክንድን ሳይፈሩ መኖር ነው። ማሳነሱ የሌላ ሥራ ነው፤ በሠለጠነ ባለሙያ መጠቅለል፣ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ቆዳ መጠበቅ፣ ከዚያ እጅጌው።

ስለ እጅጌው ካነሳን አይቀር፣ የኛን ጉድ ልንገራችሁ። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ አንድ እጅጌ ላከችልን። እልል ተባለ። እትዬ አደረጉት። እጅጌው ላይኛው ክንድ ላይ እንደ ገመድ ያዘ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ክንዱ ቀጥኖ መዳፋቸው እንደ ዳቦ ተነፋ። ልክ ሳይለካ የመጣ ነበር። ፈሳሹን ወደ ላይ የሚልክ መስሎን ወደ ታች ሸኘነው። ከዚያ በኋላ ነው ፊዚዮቴራፒስት ጋ የሄድነው፤ ክንዱ በሦስት ቦታ ተለካ፣ ትክክለኛው መጠን ተጽፎ ተሰጠን፣ በዚያ ታዘዘ። እጅጌ እየላላ ስለሚሄድ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው መቀየር አለበት። በውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን ጠይቁ፣ እባካችሁ።

የፊዚዮቴራፒስቷ የመጀመሪያ ጥያቄ ለኔ ትምህርት ነበር። ስለ በሽታው አልጠየቀችም። «ከሕመሙ በፊት በዚህ እጅዎ ምን ይሠሩ ነበር? የትኛው ናፈቀዎት?» አለች። እትዬ ሳያስቡ «ልጁን ማቀፍ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ያኔ 11 ኪሎ ነበር። ግቡ ተገኘ።

በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተጀመረ። ውሃ የሞላው ግማሽ ኪሎ ነው፤ ለማንም ግልጽ የሆነ ክብደት፣ ዳምቤል መግዛት አያስፈልግ። እጅጌውን አድርገው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ክርን ማጠፍ፣ ትከሻ ማንሳት፣ ግድግዳ መግፋት። አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና። በማግስቱ ጠዋት ክንዱ ይታያል። ከበደ? ተወጠረ? አዎ ከሆነ አይጨመርም፣ ምናልባት ይቀነሳል። ካልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ ይጨመራል። በየእሑዱ የልብስ ሰፊ ሜትር እናመጣለን። ከእጅ አንጓ ጀምሮ በየ10 ሳንቲሜትሩ እለካና በቀን መቁጠሪያው ጀርባ እጽፋለሁ፣ ሁለቱንም ክንድ። ሁለት ሳንቲሜትር ልዩነት ከመጣ ወደ ባለሙያዋ እንደውላለን።

ሥራው ይሄው ነው። አሰልቺ ነው። ተአምር የለበትም።

የከበደን ክንዱ አልነበረም፣ ፍርሃቱ ነው። ጎረቤት መጥታ ሃይላንዱን ሲያነሱ ስታይ «ኧረ በእመቤቴ፣ ምን እየሆኑ ነው!» ብላ ቀማቻቸው። አንዷ ደግሞ ክንዱን አይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዝሆኔ ነው?» አለችኝ። እትዬ ሰምተዋል። አንድ ሳምንት አልሠሩም። ነጠላው ተመለሰ።

የዝሆኔ ነገር መነገር አለበት፣ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ይሄን እብጠት የሚያውቀው ሰው በዚያ ነው የሚያውቀው። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ለዓመታት ባረሰ ገበሬ እግር ላይ የሚመጣው ሕመም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ አይተላለፍም። መነሻው ከእትዬ የተለየ ነው፣ ዘዴው ግን ዘመድ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2018 ታትሟል፤ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ እየተነሳ የሚያሰቃየውን ትኩሳትና ሕመም ቀነሰው። ገበሬዎቹ የሠሩት እኛ በሃይላንድ ከምንሠራው ያን ያህል አይርቅም። ይሄን ለእትዬ ስነግራቸው ነው እንደገና የተነሱት። «እነሱ በእርሻ መሃል ከቻሉት…» አሉ፣ ጨርሰውም አልተናገሩት።

ሌላ ያስቸገረን ስግደት ነው። በዐቢይ ጾም ስግደት አለ፣ ስግደት ደግሞ ክብደትን በሁለት እጅ ላይ መጣል ነው። «ተዉት» ማለት ለእትዬ አይሠራም። ባለሙያዋም አልከለከለችም። ስንት ጊዜ ይሰግዱ ነበር? አርባ አንድ። በአምስት እንጀምር፣ በማግስቱ ክንዱን እንይ። ልክ እንደ ሃይላንዱ። በዚህች ሴት ብልሃት ቀናሁ።

የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን መለየትም አለ። በ2016 ከቦስተን የወጣ 632 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የደም ግፊት መለካት፣ መርፌ፣ ለምርመራ ደም መቀዳትና አውሮፕላን መሳፈር ከክንድ እብጠት ጋር ግንኙነት አላገኘባቸውም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለመብረር የምትፈሩ እህቶች ይሄ ለእናንተ ነው። ግንኙነት የተገኘው ከውፍረት፣ ከብብት ዕጢዎች መውጣትና ከቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ነው። የኛ ቤት አደጋ ታዲያ የት ነው? ምጣድ ላይ። ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላ ላይ። እትዬ አንዴ እንጀራ ሲያወጡ ጣታቸውን ምጣዱ ነካው፣ ትንሽ ነገር ነው ብለው ዝም አሉ፣ ማታ ክንዳቸው እስከ ክርን ቀላ፣ ጋለ፣ ብርድ ብርድ አላቸው። ይሄ ሲመጣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት፣ በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ። ስፖርቱም ይቆማል እስኪድን። አሥር ቀን ወሰደ፣ ከዚያ ከግማሽ ሊትሩ እንደገና ጀመርን። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ግን ከዜሮ አይደለም።

ስምንት ወር ሆነን። የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ሞልቶ ሌላ ወረቀት ተቀጥሏል። የቀኙ ክንድ ዛሬም ከግራው ይበልጣል፣ በአንድ ሳንቲሜትር ተኩል፤ ከስምንት ወር በፊትም እንደዚያው ነበር። ሃይላንዱ አሁን ባለ ሁለት ሊትር ነው። ሻሻቸውን ራሳቸው ያስራሉ።

ልጁ ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ አልጠበቀም፣ 14 ኪሎ ገብቷል። እትዬ ባለፈው እሑድ ሚዛን ላይ አቁመውት ቁጥሩን አዩና «ይሄ ልጅ እየሸሸኝ ነው» አሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው ባለ ሁለት ሊትሩን አነሱ።